የተግባር ልምምድ ተማሪዎች ወደ ትንሽ ድርጅት እንዲመጡ ምን እናድርግ? ከደብረ ብርሃን የቀረበ ጥያቄ

ባለ ወርክሾፕ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ብርሃን ውስጥ በጠባሴ በኩል አነስተኛ የብረታ ብረት ወርክሾፕ አለኝ። 14 ሠራተኞች ነን። የወፍጮ ዘንግ እንቀርጻለን፣ የእህል መውቂያ እንጠግናለን፣ በርና መስኮት እንሠራለን። ሥራው ሞልቶ ይተርፋል፤ የጎደለን ሰው ነው። የቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ባለሙያዬ ዕድሜው እየገፋ ነው፣ እጁ ላይ ያለውን ሙያ የሚረከበው ወጣት ግን አላገኘሁለትም። ከተማችን ደግሞ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ መሐንዲሶች ያስመርቃል። እነዚያ ልጆች በደጃችን አልፈው ሲሄዱ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ባለፈው ዓመት «የተግባር ልምምድ ተማሪዎችን እንቀበላለን» የሚል ወረቀት በየቦታው ለጠፍኩ። ሁለት የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪዎች መጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ቀረ፤ ሁለተኛው ደብዳቤውን ወደ ትልቅ ፋብሪካ አዛወረ። መጀመሪያ ተቀየምኩ፤ የዘመኑ ልጅ ሥራ ይንቃል ብዬ አማረርኩ። ኋላ ግን የቶርኖ ባለሙያዬን «ልጆቹ ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ ብጠይቀው «ዕቃ ያቀብሉኝ ነበር» አለኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁልፍና ቡሎን ሲያቀብሉ ሰንብተዋል። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ዘንድሮ በትክክል ልሥራው ብዬ ተነሥቻለሁ። የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ተማሪ የሚጠየቀው ከማን ነው፣ መቼስ ነው? ምን ያህል መክፈል ተገቢ ነው? ጎበዝ ልጅ ካገኘሁስ ሲመረቅ ተመልሶ እንዲመጣ ምን ላድርግ? እንደ ቢራ ፋብሪካዎቹ ወይም እንደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚያስጠራ ስም የለኝም።

የሰው ኃይል ባለሙያ

ወንድሜ፣ ጥፋቱን ወደ ራስዎ ማዞርዎ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በዚሁ ከተማ በአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ውስጥ እሠራለሁ፤ የልምምድ ተማሪዎችን የምቀበለውም እኔ ነኝ።

በግድግዳ ማስታወቂያ ተማሪ አይገኝም። ዩኒቨርሲቲዎች የዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪ ትስስርን የሚከታተል ክፍል አላቸው፤ ወደዚያ በማኅተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ይጻፉ፣ ግልባጩን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይስጡ። ደብዳቤው «ተማሪዎችን እንቀበላለን» ብቻ ካለ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ስንት ተማሪ፣ ከየትኛው ትምህርት ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ማሽን ላይ፣ በማን ኃላፊነት ሥር የሚለውን ሁሉ ይዘርዝሩ። ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ይመድቡ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የምህንድስና ተማሪዎች ወደ ልምምድ የሚወጡት በአብዛኛው በአራተኛው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ነው፤ መንፈቁን ሙሉ ውጭ ይቆያሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ፈተናቸው ሳይጀምር በፊት መታወቅ አለብዎት። ተማሪዎቹ የድጋፍ ደብዳቤያቸውን ይዘው መዞር ከጀመሩ በኋላ የሚመጣ ድርጅት የሚያገኘው የተረፈውን ነው። የትምህርት ዘመኑ በየጊዜው ስለሚቀያየር ግን ያለፈውን ዓመት ወር አምነው አይቀመጡ፤ ደውለው ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመቀበልዎ በፊት አነጋግሩዋቸው። ፈተና ማለቴ አይደለም፤ ግማሽ ሰዓት ወርክሾፑን አዙረው ያሳዩዋቸው። ማሽን ሲያይ ዓይኑ የሚበራ ልጅ ያስታውቃል። ልጁም የሚገባበትን ቦታ አይቶ ይወስናል።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ስለዚህ ሳልሸሽግ እጽፋለሁ።

እኛ ቦታ የምንመርጠው እርስ በርሳችን ተጠያይቀን ነው። ከእኛ አንድ ዓመት የሚቀድሙትን «እዚያ ምን ሠራችሁ?» እንላቸዋለን። በመኝታ ክፍልም ሆነ በትምህርት ክፍላችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የእያንዳንዱ ድርጅት ስም ይነሳል። «እዚያ ፎቶ ኮፒ ነው የሚያስነሱህ» ከተባለ ማንም አይሄድም፤ የድርጅቱ ሕንፃ ምንም ያህል ቢያምር ለውጥ የለውም። «እዚያ ማሽን ያስነኩሃል» ከተባለ ደግሞ ጭቃ ረግጠን እንሄዳለን። ስለዚህ ጋሼ፣ ስም የለኝም ያሉትን አልቀበለውም። ባለፈው ዓመት የመጡት ሁለቱ ልጆች ለእኛ የነገሩን ነገር ስም ነው። ዘንድሮ የሚመጡት የሚናገሩት ደግሞ ሌላ ስም ይሆናል።

ታላቅ እህቴ በሌላ ከተማ ልምምድ ወጥታ በነበረ ጊዜ፣ ድርጅቱ ወር ሙሉ መዝገብ ቤት አስቀመጣት። ሎግ ቡኳን፣ ማለት የዕለት ሥራ መመዝገቢያ ደብተሯን፣ በየቀኑ መሙላት አለባት፣ የምትሞላው ግን የለም። ከጓደኛዋ እየገለበጠች ያላየችውን ሥራ እንደ ሠራች አድርጋ ጻፈች። ማታ ማታ እያለቀሰች ትደውልልን ነበር። ውጤቷ ጥሩ ሆኖ መጣ፤ እርሷ ግን እስከ ዛሬ በዚያ ታፍራለች። ሥራ የማይሰጥ አሠሪ ተማሪን ውሸት ያስተምራል።

ስለ ክፍያ፦ ብዙዎቻችን ደመወዝ አንጠብቅም። የሚያስቸግረን ምሳና ትራንስፖርት ነው። ግቢ ውስጥ መኝታና ምግብ አለን፤ ልምምድ ስንወጣ ሁለቱም ይቀራሉ ወይም ይርቃሉ። ምሳ የሚያበላና የባጃጅ የሚሰጥ ድርጅት ለእኛ ትልቅ ነው።

ለሠራተኛ መብት የሚቆረቆር

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ እኔ በዚህ ውይይት ደስተኛ አይደለሁም። «ምሳ ይበቃል» የሚለውን ንግግር ከተማሪዋ አፍ መስማት ያሳዝናል። አሥራ አራት ሠራተኛ ያለው ሰው ሥራ ሞልቶ ተርፎኛል እያለ ተማሪ ከፈለገ፣ የሚፈልገው ነፃ ጉልበት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትምህርትና ለሥልጠና ተብለው የሚደረጉ ውሎችን፣ ሙያ ለመልመድ ከሚደረገው ውል በስተቀር፣ ከወሰኑ ውጭ ያደርጋቸዋል። ይህ ማለት ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዞ የመጣው ልጅ እንደ ሠራተኛ ላይቆጠር ይችላል ማለት ነው። ጣቱ በማሽን ቢቆረጥ ምን ሊሆን ነው? ሠራተኛ ሲጎዳ የሚጠበቅበት ሕግ ለእርሱ ላይደርስለት ይችላል። ይህን ክፍተት የሚጠቀሙ አሠሪዎች እንዳሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ባለ ወርክሾፕ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ ስድብ ቢመስልም ያሉት ቁም ነገር ስለሆነ አልቆጣም። እውነቱን ልንገርዎ፤ ባለፈው ዓመት በልቤ ውስጥ ያሉት ነገር ነበረ። ሁለት ተጨማሪ እጅ አገኘሁ ብዬ ነው የተቀበልኳቸው። የከሸፈውም በዚያ ይመስለኛል። ተማሪ ሲመጣ የመጀመሪያው ወር ሥራን ያዘገያል እንጂ አያፋጥንም፤ ባለሙያው ማሽኑን አቁሞ ማስረዳት አለበት። ያንን ወጪ ለመሸከም ያልቆረጠ ሰው ተማሪ አይጥራ፤ በዚህ እስማማለሁ።

የጉዳቱ ጉዳይ ግን አስደነገጠኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ምን ላድርግ?

ለሠራተኛ መብት የሚቆረቆር

ስለ ቅንነትዎ አመሰግናለሁ፤ የቃሌን ክብደት ቀንሱልኝ። በሦስት ወገን የሚፈረም ስምምነት ያድርጉ፦ እርስዎ፣ ትምህርት ተቋሙና ተማሪው። የሥራው ሰዓት፣ ተማሪው የማይነካቸው ማሽኖች፣ ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍበት። ለሠራተኞችዎ የገቡት የአደጋ መድን ካለ፣ ተማሪዎቹም በስም ዝርዝሩ ውስጥ መካተት ይችሉ እንደሆነ ከመድን ድርጅቱ ጋር ይነጋገሩ። ተማሪው የሠራው በር ለደንበኛ ከተሸጠ ደግሞ ከዚያ ላይ ድርሻውን ይስጡት። የተሸጠ ሥራ ልምምድ ብቻ አይደለም።

የምህንድስና መምህር

የልምምድ ተማሪዎችን ስከታተል ዓመታት ስላለፉ የታዘብኩትን ልንገራችሁ።

ተማሪው በልምምዱ ማብቂያ ሪፖርት ይጽፋል፣ በመምህራን ፊትም ቀርቦ ያስረዳል። ከውጤቱ አንዱ ክፍል ከአሠሪው የሚመጣ ነው። ስለዚህ እኛ ከድርጅት የምንፈልገው የመጀመሪያ ነገር ችግር ነው። እውነተኛ፣ የሚለካ፣ በአራት ወር ውስጥ መፍትሔ ሊቀርብበት የሚችል ችግር። ትላልቆቹ ፋብሪካዎች በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ። ማሽናቸው ከውጭ የመጣ ነው፣ ተማሪ ሊፈታው ቀርቶ ክዳኑን ሊከፍት አይፈቀድለትም። ተማሪው በመስታወት በኩል እያየ ይመለሳል። በእርስዎ ወርክሾፕ ውስጥ ግን ማሽኑ በሙሉ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ይታያል። ለሜካኒካል ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

የወፍጮ ዘንግ እንቀርጻለን ብለዋል። እስቲ ልጠይቅዎት፤ ከወፍጮ ቤቶቹ ተመልሶ የሚመጣው የተሰበረ ዘንግ በአብዛኛው የት ቦታ ላይ ነው የሚሰበረው?

ባለ ወርክሾፕ (ደብረ ብርሃን)

ከኩሽኔታው መቀመጫ አጠገብ፣ ዘንጉ ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚያልፍበት ማዕዘን ላይ። ሁልጊዜ እዚያው ነው። ቺንጋው ከልክ በላይ ሲወጠር ይብሳል።

የምህንድስና መምህር

ይኸው ፕሮጀክትዎ! ስለታም ማዕዘን ላይ ጭነት እንደሚከማች፣ ተደጋጋሚ ጭነት ብረትን እንደሚያደክም ለተማሪዎቻችን በሰሌዳ ላይ እናስተምራለን። የተሰበረ ዘንግ በእጁ ይዞ የሚያይ ተማሪ ግን ጥቂት ነው። «ከአንኮበር፣ ከደነባና ከጫጫ ወፍጮ ቤቶች ተሰብረው የሚመጡ ዘንጎችን መርምሮ፣ ማዕዘኑን በማለስለስና የቺንጋውን ውጥረት በማስተካከል ዕድሜያቸውን ማራዘም» ብለው ደብዳቤዎ ላይ ይጻፉ። ተማሪው አንድ ሁለት ወፍጮ ቤት ሄዶ ይለካ፣ ሥዕሉን በኮምፒውተር ይሥራ፣ የቶርኖ ባለሙያዎ ይቅረጽለት። ሽማግሌው ባለሙያም የሚያስተምረው ነገር ያገኛል፣ ልጁም የሚያስረዳው ነገር ያገኛል። እውነት እላችኋለሁ፣ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ቢመጣ ተማሪዎቹን እኔ ራሴ ጠርቼ አነብላቸዋለሁ።

ሁለት ተማሪ በቂ ነው። አምስት ከወሰዱ ሦስቱ ዕቃ ወደ ማቀበል ይመለሳሉ።

የፖሊ ቴክኒክ አሠልጣኝ

መምህሩ ያሉት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሁላችሁም ስለ ዩኒቨርሲቲ ብቻ መናገራችሁ ቅር አሰኝቶኛል። ጠያቂው የቸገራቸው የቶርኖ ባለሙያ የሚተካ ሰው ነው። ቶርኖ ላይ የሚቆም ልጅ ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ነው የሚገኘው። የእኛ ሥልጠና በመርሁ 70 በመቶው በተግባር፣ 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን የታሰበ ነው፤ የትብብር ሥልጠና ብለን ሠልጣኞችን ወደ ድርጅት የምንልከውም ለዚህ ነው። ሠልጣኛችን ላሜራ መቁረጥ፣ ቱቦላሬ መበየድ፣ በካሊፐር መለካት ጀምሮ ነው የሚመጣው። የሚጎድለው በአንድ ወርክሾፕ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በሚሠራ ማሽን ላይ መዋል ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና አንድ የእኛን ሠልጣኝ አብረው ቢያሠሩ እንዴት ደስ ባለኝ። አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ይቀርጻል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን መናቅ ይተዋሉ፤ ይህ ንቀት በአገራችን ብዙ ሙያ ገድሏል።

አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ፦ መንግሥት የሚልክልን ቱታና ጓንት ለሁሉም አይዳረስም። የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የብየዳ ጭምብልና ወፍራም ጫማ ያዘጋጁላቸው። ብየዳ ዓይንን ሲያቃጥል ሕመሙ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ልጁ በማግስቱ ሳይመጣ ሲቀር ሰነፈ ይባላል።

እናት ከመሐል ሜዳ

እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ስለ ማሽን አላውቅም። ልጄ ግን የሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ናት፣ ነገ ከነገ ወዲያ እንዲህ ዓይነት ቦታ መውጣቷ አይቀርም። እስካሁን የተናገራችሁትን ሁሉ አንብቤ አንድም ሰው ስለ ሴት ልጅ አላነሳም።

ሴት ልጅን ወደ ወርክሾፕ ስንልክ የምናስበው ሌላ ነው። የሥራ ልብሷን የምትለውጠው የት ነው? መጸዳጃ ቤቱ ይዘጋል ወይስ በሩ በገመድ ነው የሚያዘው? ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብቻዋን ትሄዳለች? ያስቸገራት ሰው ቢኖር ለማን ትናገራለች፣ የምትናገርለት ሰው ራሱ ቢሆንስ? አንዲት የጎረቤቴ ልጅ ልምምድ ከወጣችበት ቦታ በሁለተኛው ሳምንት ተመልሳ መጣች፤ ለምን እንደ ተመለሰች እስከ ዛሬ ለአባቷ አልነገረችም። ሁላችንም ግን ገብቶናል። አሠሪው «ሴቶች ይህን ሥራ አይችሉትም» ብሎ አወራ ሲባል ሰምቼ አንጀቴ ተቃጠለ።

እርስዎ ቅን ሰው ይመስሉኛል። ስለዚህ ልጠይቅዎት፦ ወርክሾፕዎ ውስጥ በውስጥ በኩል የሚቆለፍ መልበሻ ክፍል አለ?

የአራተኛ ዓመት ተማሪ

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔም ሴት ነኝ፤ ይህን ለመጻፍ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ። ብዙ ሴት ተማሪዎች የምንወደውን ማሽን ትተን ቢሮ ያለበትን ድርጅት የምንመርጠው ስለሚቀለን አይደለም። ቢሮው ቁልፍ ስላለው ነው።

ከሸዋ ሮቢት

እኔ ወደ ቆላው ልውሰዳችሁ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት፣ በዝናብ ማሾ አመርታለሁ፤ የእርሻ ተማሪዎችን ሁለት ጊዜ ተቀብያለሁ። የእኛ ችግር ከእናንተ ይለያል። ተማሪ ሲመጣ ሰብሉ የለም፤ ሰብሉ ሲደርስ ተማሪው ሄዷል። ማሾ ሲታጨድ የማይታይ ልምምድ ለእርሻ ተማሪ ምን ይረባል? ስለዚህ የትምህርት ክፍሉን ሄጄ ለመንኩ፤ በእኛ መከር ወቅት አንድ ሳምንት ተጨማሪ ጉብኝት አዘጋጁልኝ። መጠየቅ ነው እንጂ የሚያደርጉት ሰዎች ናቸው።

ሌላው ነገር ወባ ነው። ደጋ ያደገ ልጅ አጎበር ሳይሰቀልለት እኛ ጋ ቢያድር በሳምንታት ውስጥ ሊታመም ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት አንዱ ልጅ ታሞብኝ ሐኪም ቤት አስታመምኩት፤ ለወላጆቹ ስደውል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አጎበር ሳልሰቅል ተማሪ አልቀበልም። እናንተ ዘንድ ደግሞ የሚያስፈራው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ከጋምቤላ ወይም ከአፋር የመጣ ልጅ ኪራይ ቤት ውስጥ በአንድ ነጠላ ያድራል ብላችሁ አትገምቱ። ብርድ ልብስ ከሚሠራበት ከተማ ብርድ ልብስ አይጠፋም።

መንገድ በሚዘጋባቸው ጊዜያት ተማሪው ወደ ቤተሰቡ መሄድ ባይችል የት እንደሚያድርም ቀድማችሁ አስቡ። በዚህ ዘመን ይህን ሳያስቡ ልጅ መቀበል አይቻልም።

ልምምድ ወጥቶ የተቀጠረ

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም አልመለሰውም፣ ተመራቂ ተመልሶ እንዲመጣ ምን ላድርግ የሚለውን። እኔ በዚያ መንገድ የመጣሁ ስለሆንኩ ልሞክር።

የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። በምደባ የደረሰኝ አርባ ምንጭ ስለነበረ እዚያ ተማርኩ። ለልምምድ ግን ወደ አካባቢዬ መመለስ ፈለግሁ፣ ምክንያቱም ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ማደር እችል ነበር። ኪራይ የለም፣ ምግብ አለ፣ ቤተሰብ ቅርብ ነው። ባለ ወርክሾፑ ልብ ይበሉ፤ ተማሪዎችዎ ከተማው ውስጥ ባለው ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደሉም ያሉት። የጠባሴ፣ የጣርማ በር፣ የእነዋሪ ልጆች በምደባ በመላው አገር ተበትነዋል። ለልምምድ ቤታቸው መምጣት የሚፈልጉ ብዙ ናቸው፣ የሚቀበላቸው ስላጡ ግን በሩቅ ከተማ ይንከራተታሉ። ለሠራተኞችዎ፣ ለደንበኞችዎ፣ በዕድራችሁም ይናገሩ፦ «ልጁ ምህንድስና የሚማር ቤተሰብ ካለ ንገሩኝ» ይበሉ። እኔን ያገኘኝ አሠሪ ያገኘኝ በአክስቴ ዕድር በኩል ነው። እንዲህ ዓይነቱ ልጅ ሲመረቅ ወደ ሌላ ከተማ የሚሄድበትም ምክንያት ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ አሠሪዎች የሚረሱት ነው። የምህንድስና ተማሪ ልምምዱን ሲጨርስ ለመመረቅ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ያ ዓመት ዝም ከተባለ ልጁ ይጠፋል። የእኔ አሠሪ በየበዓሉ ይደውልልኝ ነበር። በክረምት ለአንድ ወር ተኩል መጥቼ እንድሠራ አደረገኝ፤ ያን ጊዜ ደመወዝ ከፈለኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በእርሱ ድርጅት ችግር ላይ ሠራሁ። ስመረቅ ሌላ ቦታ ማመልከት ትዝም አላለኝም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ የቅጥር ተስፋ ሲሰጡ «ፈተናውን ስታልፍ» ብለው ይጻፉት። ለማጥኛም ጊዜ ይስጡት። በፈተናው ወራት ተማሪን ለአስቸኳይ ሥራ የጠራ አሠሪ ልጁንም ያጣል፣ መሐንዲሱንም ያጣል።

ሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንዳይበልጥ ይገድባል። በ60 ቀን ሰው ይታወቃል? በአራት ወር ልምምድና በአንድ ክረምት ግን አሠሪዬ ስህተቴንም ልፋቴንም አይቷል፤ እኔም ሲቆጣ እንዴት እንደሆነ፣ ደመወዝ በቀኑ እንደሚከፍል አይቻለሁ።

የሰው ኃይል ባለሙያ

ይህ የመጨረሻው አስተያየት ለእኔም ትምህርት ሆኖኛል። በእኛ ፋብሪካ ተማሪው ፎርሙ ተሞልቶለት ከወጣ በኋላ ስልኩን እንኳ አንይዝም። ነገ ጠዋት ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዝርዝር አውጥቼ መደወል እጀምራለሁ።

ባለ ወርክሾፕ (ደብረ ብርሃን)

ሦስት ቀን ዝም ያልኩት እየጻፍኩና እየሰረዝኩ ስለነበር ነው። ለትስስር ክፍሉና ለፖሊ ቴክኒኩ የምልከው ደብዳቤ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ ያልተስተካከለ ካለ ንገሩኝ።

«ድርጅታችን ሁለት ተለማማጆችን መቀበል ይፈልጋል፦ አንድ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪና አንድ የማሽን ሥራ ሠልጣኝ። አብረው የሚሠሩት ከወፍጮ ቤቶች ተሰብረው የሚመጡ ዘንጎችን መርምሮ መፍትሔ ማቅረብ ነው። ኃላፊያቸው የቶርኖ ባለሙያችን ሲሆን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ለማስተማር ብቻ ተመድቦለታል። ምሳ በድርጅቱ ነው፤ በጾም ቀን የጾም ምግብ ይቀርባል። የትራንስፖርት አበል በየሳምንቱ ዓርብ ይከፈላል። ተለማማጆች የሠሩት ዕቃ ለደንበኛ ሲሸጥ ድርሻ ያገኛሉ። የመከላከያ ልብስ፣ መነጽርና ጫማ እናቀርባለን። በልምምድ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕክምናውን ድርጅቱ ይሸፍናል። የሥራ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሴት ተማሪዎች እንዲያመለክቱ እናበረታታለን።»

ይህን ለቶርኖ ባለሙያዬ አነበብኩለት። «ጠዋት አንድ ሰዓት ለማስተማር» የሚለው ጋ ስደርስ ድገምልኝ አለኝ። በ31 ዓመት የሥራ ዘመኑ ለማስተማር ጊዜ ተሰጥቶት አያውቅም።

የምህንድስና መምህር

ደብዳቤው ግሩም ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ በየሁለት ሳምንቱ ሎግ ቡኩን አንብቦ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ይጨመርበት። ብዙ ድርጅት በመጨረሻው ቀን አራት ወር በአንድ ጊዜ ይፈርማል፤ ያን ጊዜ ስህተት ቢገኝም የሚታረምበት ጊዜ አልፏል።

የፖሊ ቴክኒክ አሠልጣኝ

ለእኛም ግልባጭ ሳይሆን ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይጻፉልን። ሠልጣኞቻችን በግልባጭ መጠራት ሰልችቷቸዋል።

እናት ከመሐል ሜዳ

«ሴት ተማሪዎች እንዲያመለክቱ እናበረታታለን» የሚለውን አነበብኩ። ደስ ይላል። ነገር ግን የጠየቅሁት ጥያቄ አልተመለሰልኝም።

ባለ ወርክሾፕ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ ያልመለስኩት አፍሬ ነው። መልበሻ ክፍል አልነበረንም። ወንዶቹ ከማሽኑ ጀርባ ይለውጣሉ፤ መጸዳጃ ቤቱም እንዳሉት በሩ በሽቦ ነበር የሚያዘው። በር ሠርተን የምንሸጥ ሰዎች ለራሳችን በር አልነበረንም።

ትናንትና ዛሬ ሥራ አቁመን ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጎን አንድ ክፍል ለየን። በላሜራ በር ገጠምንለት፣ በውስጥ በኩል መቀርቀሪያ፣ በውጭ ቁልፍ አለው። የመጸዳጃ ቤቱም በር ተቀይሯል። ቁልፎቹ በግምጃ ቤት ኃላፊያችን እጅ ናቸው፤ እርሷ ከእኛ ጋር 9 ዓመት የሠራች የሁለት ልጆች እናት ናት። ተለማማጆች ቅሬታ ሲኖራቸው ወደ እርሷ እንዲሄዱ፣ እኔን የሚመለከት ከሆነ ደግሞ በቀጥታ ለመምህራቸው እንድትደውል ተስማምተናል። የመምህሩ ስልክ በክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ደብዳቤዎቹ ሰኞ ጠዋት ይገባሉ፤ ሁለቱም ለየራሳቸው።